ሣቅ የሸፈነው የቤት ገመና

ቴሌቪዥን ከየቤቱ ከገባ ወዲህ የሰውን ቤት ገመና መመልከት የማታ ጨዋታችን ሆኗል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ማቅረብ በጀመረ ጊዜ፣ የሀገራችን የጥበብ ሰዎች ቅሬታ አሰምተው ነበር። ወጡ ምድጃ ላይ አረረ የሚለውም ወቀሳ አልቀረም።

ከእንዲህ ያሉት ጨዋታዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ግን የአሜሪካው «ዴስፐሬት ሃውስዋይቭስ» ነው፤ ትርጓሜውም «ተስፋ የቆረጡ የቤት እመቤቶች» ማለት ነው። ከመስከረም 23 ቀን 1997 እስከ ግንቦት 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በ180 ክፍል ታይቷል። በመጀመሪያው ክፍል፣ ሁሉ የተሟላላት የምትመስል አንዲት እመቤት የዕለት ሥራዋን ፈጽማ ራሷን ትገድላለች፤ የጎረቤቶቿንም ምሥጢር የምትተርክልን ይህችው ሟች ናት። ግድያው፣ ዝሙቱና ውሸቱ ሁሉ በሣቅ ተለውሶ ይቀርባል። ይህን ለሕፃናት ዓይን አንመክርም።

ነገር ግን የጨዋታው ምንጭ ሣቅ አልነበረም። በ1993 ዓ.ም. በቴክሳስ አንዲት እናት አምስት ልጆቿን ውኃ ውስጥ አስጥማ ገደለች። በ1994 ዓ.ም. ችሎቱ በዜና ሲነገር፣ ደራሲው ማርክ ቼሪ ከእናቱ ጋር ይመለከት ነበር። እርሱ በነገሩ ሲደነግጥ፣ እናቱ ራሷ ልጆች ስታሳድግ ከተስፋ መቁረጥ ጫፍ ደርሳ እንደ ነበር ነገረችው። የቴክሳሷም እናት ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ይዟት ነበርና፣ በ1998 ዓ.ም. በሁለተኛው ችሎት በሕመሟ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለችም ተባለች።

ከድራማውም ውስጥ ቁም ነገሩ አንድ ነው። የአራት ልጆች እናት የሆነችው ሊኔት ድካም ሲበረታባት ከሜዳ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጓደኞቿ ደርሰው እነርሱም እንዲሁ እንደ ሆኑ ሲነግሯት፣ ይህን እስከ ዛሬ ስለ ምን እንደ ደበቋት ትጠይቃቸዋለች።

ይህ ጥያቄ ለከላላና ለመካነ ሰላም ቤቶችም የሚገባ ነው። በሀገራችን አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ገንፎው ይገነፋል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ደስታው ይደገማል። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ጭር ይላል፤ ውኃው፣ እንጨቱና ጋገራው ወደ እናቲቱ ይመለሳል። እንቅልፍ ብታጣ፣ ያለ ምክንያት ብታለቅስ፣ ልጇን ማየት ብትጠላ፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብላ በገመናዋ ትሸፍነዋለች።

እንግዲህ ባል ሆይ፣ ሚስትህ ዝም ስትል ሰላም ነው ብለህ አትለፍ፤ ሕፃኑን ተቀብለህ ጥቂት እንድታርፍ አድርግ። አማትና ጎረቤትም፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ስለ ሕፃኑ ብቻ ሳይሆን ስለ እናቲቱም ጠይቁ። ሕመሙ ከጸና ለንስሐ አባቷ ትንገር፤ ጸበሉም ሐኪሙን አይከለክልምና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ። ራሷን ወይም ልጇን ስለ መጉዳት ከተናገረች ግን ለአንዲት ሰዓት እንኳ ብቻዋን አትተዋት። የቤት ገመና ከሐሜተኛ ይሸሸጋል እንጂ ከሚረዳ አይሸሸግም።