እህል ነበረ፤ ሰው ግን ሞተ

አገራችን ውስጥ ረሃብ በተነሳ ቁጥር ጣታችን ቶሎ ወደ ሰማይ ይቀሰራል። ዝናብ ቀረ፣ አንበጣ ወረደ ይባልና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። ስለ ምግብ መመራመርም ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ መስኖ ማጥናት ብቻ ይመስለናል። እነዚህማ ያስፈልጋሉ። እኛ ግን የተዘነጋ ሙያ አለ ባዮች ነን፦ በእህሉ ላይ የሚያዘው ማን ነው? ማን ይደርሰዋል? ማንስ ይቀርበታል? ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠይቅ ምሁር።

ሙያው አዲስ አይደለም። ህንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን የወሎ እልቂት መርምሮ ነበር። ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበረ። ምርቱ የጠፋበት ገበሬ መግዣም አልነበረውማ! እህል ደግሞ የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው።

የእኛው የጂኦግራፊ ምሁር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ እንዴት እንደተጋለጠ ያጠኑበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተሙ። ድርቅና ረሃብ አንድ እንዳልሆኑ፣ ገበሬውን ለረሃብ የሚዳርገው የተጫነበት ሥርዓት መሆኑን አሳዩ። እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን ከመሠረቱት ዋነኛው ሆኑ። ለእኛ ይህ የመንገድ ለውጥ አይደለም፤ ያው አንዱ ጥያቄ ነው።

ዛሬስ? ፊውስ ኔት የሚባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ያቋቋመችው በእኛና በሱዳን የደረሰውን እልቂት ተከትሎ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ዋሽንግተን ላይ «ሥራ አቁሙ» ተባለና ድረ ገጹ ለወራት ተዘጋ። ስለ ራሳችን ረሃብ የምናውቅበት መብራት ማብሪያ ማጥፊያው በሰው ቤት ነው ማለት ነው። ታዲያ ሁሉን ለመንግሥት እንተወው? የ1966ቱን ረሃብ የደበቀው ማን እንደነበር የምንረሳ ካልሆነ በቀር!

«የተራበ ሰው ጥናት አይበላም» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ አይበላም። ነገር ግን ችግሩን ዝናብ ነው ብሎ የደመደመ ሰው መፍትሔውንም ከደመና ይጠብቃል፤ የሚጠየቅ ባለሥልጣንም አይኖርም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ መምህር ደመወዙም ነጻነቱም እንዲኖረው ያድርጉ። ኑሮ ከብዶት የእርዳታ ድርጅት ኮንሰልታንት ቢሆን አንፈርድበትም፤ ግን ጥያቄውን ከፋዩ ካወጣው መልሱም የከፋዩ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጥናቱ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ ይውጣ። ስለ እሱ ረሃብ የተጻፈውን እሱ ብቻ የማያነብበት ምክንያት አይታየንም።

የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ ላይ ያላችሁ የእኛ እኩዮች፣ ስንዴው በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሰጠ የሚቆጥር አይጠፋም። እናንተ ኩንታሉ የት እንደገባ ጠይቁ።