ሥልጣንና ገደቡ በጥንታዊት ሮም

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል የቆየ አባባል አለ። አባባሉ ሹመትን እንደ ማዕድ፣ ተሿሚውንም ማዕዱ ሳይነሣ ለመጥገብ እንደሚጣደፍ እንግዳ ይቆጥራል። የጥንት ሮማውያንም ይህን የሰው ጠባይ አላጡትም። ስለሆነም መንግሥታቸውን ሲያደራጁ «ደግ ሹም ከየት እናገኛለን?» ብለው ብቻ አልጠየቁም፤ «ሹሙ ክፉ ቢሆንስ በምን እንገታዋለን?» ብለውም ጠየቁ። በእኔ አስተያየት ሮም አምስት መቶ ዓመት ያህል ያለ ንጉሥ ልትኖር የቻለችው ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በመጠየቋ ነው።

የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ሮማውያን የመጨረሻውን ንጉሣቸውን ያባረሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ509 ዓመት ነው። (ከዚህ ቀጥለው የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው።) በንጉሡ ምትክ ቆንሱል የሚባሉ ሁለት ሹማምንት በየዓመቱ ይመረጡ ጀመር። ዛሬ ቆንስል የምንለው በባዕድ አገር የመንግሥቱን ጉዳይ የሚያስፈጽመውን ሰው ነው፤ የሮም ቆንሱል ግን ጦር የሚመራና ሸንጎ የሚሰበስብ የአገር መሪ ነበር። ሁለቱ እኩል ሥልጣን ስለነበራቸው አንዱ ያዘዘውን ሌላው ሊያግደው ይችል ነበር። ዓመቱ ሲፈጸም ሁለቱም ከሹመታቸው ይወርዳሉ፤ በሹመት ላይ ሳሉ ያልተከሰሱበትም በደል ቢኖር ያን ጊዜ ለፍርድ ሊቀርቡ ይችላሉ።

ከቆንሱሎች በታች የነበረው ሥራም የተከፋፈለ ነበር። ፕሬቶሮች ዳኝነትን፣ ኤዲሎች ገበያን፣ መንገድንና የሕዝብ በዓላትን፣ ኩዌስተሮች ደግሞ የመንግሥትን ገንዘብ ይጠብቁ ነበር። ሴንሶሮች ዜጎችንና ሀብታቸውን ይመዘግባሉ፤ ነውር ያገኙበትንም ሰው ከሴኔት አባልነት ይሰርዛሉ። ሴኔት የተባለው ሸንጎ ለሹማምንቱ ምክር ይሰጥ፣ የገንዘብንና የውጭ አገርን ጉዳይ ይከታተል ነበር።

አገር በከባድ አደጋ ላይ ስትወድቅ ዲክታተር የሚባል አንድ ሰው ሥልጣኑን ጠቅልሎ እንዲይዝ ይሾም ነበር። ነገር ግን ዘመኑ ከስድስት ወር እንዳያልፍ ተወስኗል። በ458 ሲንሲናቱስ የተባለ ሰው ከእርሻው ተጠርቶ ዲክታተር ከሆነ በኋላ፣ ጠላትን ድል አድርጎ በ16ኛው ቀን ሥልጣኑን አስረክቦ ወደ እርሻው እንደ ተመለሰ ይተረካል።

ተራው ሕዝብ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ድርሻ ያገኘው ታግሎ ነው። እንደ ትረካው፣ በ494 በዕዳና በመኳንንት ጫና የተማረረው ሕዝብ ከተማዋን ትቶ ወጣ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ መኳንንቱ ያለ እርሱ ጦርም ሥራም እንደማይኖር ስለተረዱ፣ ትሪቡን የሚባሉ የሕዝብ ጠበቆች እንዲመረጡ ተስማሙ። ትሪቡን የሹማምንትን ትእዛዝ ማገድ ይችላል፤ እርሱን መንካትም በጥብቅ የተከለከለ ነበር።

ይሁንና ሥርዓቱን ያለ ነቀፋ ማወደስ አይገባም። ሴቶች አይመርጡም፤ ባሮች የዜግነት መብት አልነበራቸውም። ቆንሱሎችን የሚመርጠው ጉባኤ በ193 ክፍሎች የተመደበ ሲሆን፣ በቀድሞው አደረጃጀት 98ቱ የፈረሰኞችና የባለጠጎች ነበሩ፤ እነርሱ ከተስማሙ የድሀው ድምፅ ሳይሰማ ምርጫው ያበቃል። ሹማምንቱ ደመወዝ ስለማይከፈላቸው ሹመት ለድሀ የሚደፈር አልነበረም።

የሥርዓቱ ውድቀት የመጣው ግን ገደቡ ሲናድ ነው። በ133 ትሪቡኑ ጢባርዮስ ግራኩስ የመንግሥትን መሬት ለድሆች ለማካፈል በመነሣቱ፣ የማይነካው ሰው በሴኔት አባላትና በተከታዮቻቸው ተደብድቦ ተገደለ። ከ104 እስከ 100 ማርዮስ ጠላት መጣ በሚል ምክንያት አምስት ዓመት በተከታታይ ቆንሱል ሆነ። በ88 ሱላ የሮምን ጦር በሮም ላይ አዘመተ፤ በ82 መጨረሻም የጊዜ ወሰን የሌለው ዲክታተር ሆነ። በ44 ዩልዮስ ቄሣር የዕድሜ ልክ ዲክታተር ተባለ፤ በዚያው ዓመትም ተገደለ። የቄሣር መገደል ግን የፈረሰውን ገደብ መልሶ አላቆመውም። ከ27 ጀምሮ አውግስጦስ ብቻውን ሲገዛ ቆንሱሎች ይሾሙ ነበር፤ ሴኔትም ይሰበሰብ ነበር። የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ሥልጣኑ ወደ አንድ ሰው እጅ ገብቷል።

አንዳንድ ሰዎች፣ «አውግስጦስ ሰላም አምጥቷልና ገደቡ መፍረሱ በጀ» ይላሉ። ሰላም መምጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሕዝቡን በእርስ በርስ ጦርነት ያስጨረሱት ገደቡን ያፈረሱት ሰዎች ራሳቸው እንደ ነበሩ አይዘነጋ። በአንድ ሰው ጠባይ ላይ የቆመ ሰላምም ዋስትና የለውም፤ በዚያው ዙፋን ላይ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ54 እስከ 68 ኔሮን ተቀምጦበታልና። ያን ጊዜ «እከለክላለሁ» የሚል የሥራ ባልደረባም፣ «ዓመትህ ተፈጸመ» የሚል ሕግም አልነበረም።

እንግዲህ ከሮም ታሪክ የምንማረው ይህ ነው፤ ገደብ በአንድ ቀን አይፈርስም። ሲፈርስም ሁልጊዜ ምክንያትና አጨብጫቢ አያጣም። ዛሬ ለወደድነው ሰው ብለን የከፈትነው በር ነገ ለምንጠላው ሰው አይዘጋም። ስለዚህ የአንድን አገር መንግሥት ስንመረምር የሹመቶቹን ስም ብቻ ሳይሆን፣ ሹሙን የሚያግደው ማን እንደሆነና ዘመኑ የሚያበቃው መቼ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።