ከትኋኑ መርዙ እንዳይብስ

ከሌሊቱ በ9 ሰዓት ልጅዎ ሲገላበጥና ገላውን ሲያክ ሰምተው መብራት አብርተው ያውቃሉ? አንሶላውን ሲገልጡ ምንም አይታይም። ትራሱን ብድግ ሲያደርጉ ግን ከተልባ ፍሬ ጥቂት ከፍ የምትል፣ እንደ ተልባም ጠፍጣፋ የሆነች፣ ቀላ ያለች ቡናማ ነፍሳት ወደ ፍራሹ ስፌት ትሸሻለች። ስሟን ያውቁታል። በማግሥቱ ግን ለጎረቤት ቀርቶ ለእናትዎም አይናገሩም።

ስለ ትኋን ልጽፍ መሆኔን ለባልደረቦቼ ባነሣሁ ጊዜ አንዱ፣ «ይኸ ደግሞ በጋዜጣ ይጻፋል?» ብሎ ሣቀ። ሌላዋ ግን ዝም ብላ ቆይታ ከሥራ ስንወጣ በደረጃው ላይ ጠጋ አለችኝና፣ «የሚያጠፋውን ካወቅሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ጉዳይ ግን ከዚህ የከበደ ነው። ጎረቤቴ ናት፤ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት። ስሟን እንዳልጠቅስ ጠይቃኛለች። ቤቷ ከሌሎች ሁለት ቤቶች ጋር በግድግዳ የተያያዘ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ የሆነ የጭቃ ቤት ነው። ትኋን የገባባት ከሰው እጅ ከገዛችው ሶፋ ጋር ይመስላታል። ለወራት ከጎረቤት ደብቃ በፈላ ውኃና በጋዝ ስትታገል ቆየች። በመጨረሻም አንድ ቅዳሜ ከመንገድ ዳር ሻጭ፣ በውኃ ፕላስቲክ የተገለበጠ፣ ጽሑፍም ሆነ ምልክት የሌለው መድኃኒት ገዝታ መጣች። ሻጩ፣ «ለአንድ ባልዲ ውኃ አንድ ክዳን ይበቃል» ብሏት ነበር። እርሷ ግን እንዲጠነክርላት ብላ ሦስት ክዳን ጨመረችበት። የልጆቹን ፍራሽ አራሰች፤ ትኋኑ እንዳያመልጥ ብላ መስኮቱን ዘጋች፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ልጆቹን በዚያው ፍራሽ ላይ አስተኛች።

እኩለ ሌሊት ላይ የሦስት ዓመቱ ልጅ አስመለሰው። ለሀጩ እንደ ውኃ ይወርድ፣ ላብም ያጠምቀው ጀመር፤ ትንፋሹም ሲር ሲር ይል ነበር። የጎረቤት መኪና ተለምኖ ሐኪም ቤት ደረሱ። የተረኛው ሐኪም፣ «ምን በላ? ምን ጠጣ?» ብሎ ሲጠይቃት «ምንም» አለች። ዳግመኛ ሲጠይቃት «ምንም» አለች። በተራ ቁጥሩ የቆሙት ሰዎች እንዳይሰሟት ነበር። ሐኪሙ የልጁን ዓይን በባትሪ ሲያይ ብሌኑ እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቦ አገኘው። ወደ ጥግ ጠርቶም፣ «ቤት ውስጥ የተረጨ ነገር አለ?» ሲላት ያን ጊዜ ነገረችው። መድኃኒቱ ወዲያውኑ ተሰጠው፤ ልጁም ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ። «ትኋን አለብኝ ማለት አፍሬ ልጄን ልገድለው ነበር» ስትል ነው የነገረችኝ።

ለመሆኑ ይህ የምናፍርበት ነፍሳት ምንድን ነው? ክንፍ የለውም፤ አይዘልም። ቀን ቀን በአልጋው መጋጠሚያ፣ በፍራሹ ስፌት፣ በግድግዳው ስንጥቅ፣ በኮርኒሱ ጠርዝ፣ በምስል ማሕደር ጀርባ ተለጥፎ ይውላል። የሚወጣው ሰው እንቅልፍ ሲጥለው ነው። መንገዱን የሚያገኘው በምንተነፍሰው አየርና በገላችን ሙቀት ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ደም መጥጦ ይመለሳል። ሴቲቱ በቀን ከ1 እስከ 5 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ነጭ፣ አንድ ሚሊ ሜትር የሚያህል ሲሆን ስንጥቅ ውስጥ በሙጫ እንደ ተጣበቀ ሆኖ ይቀመጣል፤ ስለዚህ በመጥረጊያ አይነሣም። በሙቅ ክፍል ከ6 እስከ 10 ቀን፣ በቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ ከዚያ ዘግይቶ ይፈለፈላል። ያደገው ትኋን ደም ሳይቀምስ ለወራት ሊቆይ ይችላል። «ቤቱን ዘግተን ገጠር ከረምን፤ ስንመለስ ጠበቀን» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው።

ትኋን ከሰው ወደ ሰው በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። ይህን ለብዙ እናቶች ስነግር አያምኑኝም። እርግጥ ነው፣ ማሳከኩ ቀላል አይደለም፤ ሕፃኑ የሚያክበት ሥፍራ ይቆስላል፣ ይመረቅዛል፤ እንቅልፍ ያጣ ተማሪ በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የገባች እናትም ቀን እንኳ አታርፍም። ቢሆንም ከዚህ ሁሉ አንዱም በአንድ ሌሊት ልጅ አይገድልም። ያልታወቀ መርዝ ግን ይገድላል።

ሌላው ስሕተት ትኋንን የቆሻሻ ልጅ አድርጎ ማየት ነው። በረሮ ፍርፋሪና እርጥበት ባለበት ይበረክታል፤ ስለዚህ ድስት ከድነን፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አስጠግነን፣ የወጥ ቤቱን ወለል ማታ ጠርገን ካደርን ይቀንሳል። ትኋን ግን ምግቡ ደማችን ስለሆነ በተወለወለ ቤትም ይኖራል። በትልልቅ ሆቴሎችም ይገኛል። የሚገባውም ከሰው እጅ በተገዛ ሶፋና አልጋ፣ በሻንጣ፣ በዕቃ ማመላለሻ መኪና፣ በተውሶ ፍራሽ ነው። ቤት የሚቀይር ሰው ሳያውቀው ይዞት ይሄዳል። ባለሙያ ነኝ የምትል የቤት እመቤትም ብትሆን ትኋን ገብቶባት ቢያገኙ አይፍረዱባት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ መኖሩን ያረጋግጡ። ማታ መብራት ጠፍቶ ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ገደማ ባትሪ ይዘው ይነሡ። የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን መጋጠሚያ ይመልከቱ። ትኋኑን ባያገኙት እንኳ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነጠበ የሚመስል ጥቁር ምልክት፣ የተጣለ ቀጭን ቅርፊት፣ አንሶላው ላይም የደም ነጠብጣብ ይታያል። በስንጥቁ ውስጥ ጠንካራ ወረቀት አስገብተው ቢስቡት ይወጣል። ይህን ሥራ ባልና ሚስት ቢተጋገዙበት መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ባል «ተይው ባክሽ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞር አውቃለሁ። ግድግዳው ውስጥም አለ ብለው ይንገሩት።

ትኋን የሚሸነፈው በሙቀት ነው። ሙቀቱ 50 ዲግሪ ሲደርስ ከነእንቁላሉ ይሞታል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው። እናቶቻችን የሽቦውን አልጋ ግቢ አውጥተው በጀበናና በማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ሲያፈሱበት የኖሩት በከንቱ አልነበረም። የጎደላቸው አንድ ነገር ቢኖር መደጋገሙ ነው። ዛሬ ያለውን ትኋን ቢገድሉም ከየስንጥቁ የተረፈው እንቁላል ከሳምንት በኋላ ይፈለፈላልና በየ10 ቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። ሁለተኛውን ጊዜ የሚተው ሰው የመጀመሪያውን ድካሙን በነጻ ሰጠ ማለት ነው።

አንሶላ፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ ከክፍሉ ሳይራገፉ በከረጢት ታሥረው ይውጡና በሚያቃጥል ውኃ ይዘፍዘፉ፤ የልብስ ማጠቢያ መኪና ያላችሁ 60 ዲግሪ ላይ አድርጉት። በውኃ የማይታጠበውን፣ ለምሳሌ የፍራሹን ስፌት፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው በጋለ ካውያ ቀስ ብለው ይጫኑት። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት ጥሩ ልማድ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ የስፖንጁ ውስጥ እምብዛም አይግልም፣ ትኋኑም ወደ ጥላው በኩል ይዞራል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ (የእኛንም ቢሆን) አንሥተው ያቃጥሉት፤ ስንጥቁን በጭቃ ወይም በጀሶ ይድፈኑ። ከዚያም አልጋውን ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ያርቁ፤ ብርድ ልብሱ መሬት እንዳይነካ ይጠቅልሉት፤ አራቱን የአልጋ እግሮች የሳሙና ውኃ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ያቁሙ። ቀድሞ በጣሳው ውስጥ ነጭ ጋዝ ይደረግ ነበር። ሻማና ክብሪት ባለበት፣ ሕፃናት በሚድኹበት ቤት ይህ መቅረት ያለበት ነገር ነው።

አሁን ወደ መርዙ ልመለስ። ማላታይን የሚባለው መድኃኒት የተሠራው ለእርሻ ነው፤ ሕፃን ለሚተኛበት ፍራሽ አልተሠራም። በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳና በትንፋሽም ይገባል። ልጅ ገላው ትንሽ፣ ትንፋሹም ፈጣን ስለሆነ ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። ዲዲቲን የሚያስታውሱ አረጋውያን ደግሞ «ያ ቢገኝ ነበር» ይላሉ። ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ በ1948ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሽልማቱን ከመቀበሉ በፊት ግን በ1947 በሃዋይ ዲዲቲ የማይገድላቸው ትኋኖች ታይተው ነበር። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲን ወባን የመሰሉ በሽታዎችን ለሚያስተላልፉ ነፍሳት ብቻ እንዲውል ወስኖታል። ለሌሎቹም መርዞች ትኋን እየለመደ መጥቷል። ጎረቤቴ ሦስት ክዳን የጨመረችው በአንድ ክዳን አልሞት ስላላት ነበር፤ በሦስቱም ሁሉም አልሞተም።

ከሁሉ የሚያስፈራው የእህል ነቀዝ ክኒን ነው። ለጎተራ የተሠራው ይህ ክኒን የአየር እርጥበት ሲነካው መርዛም ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በበር ሥርና በስንጥቅ ያልፋል፤ ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም። በአንድ ቤት የተቀመጠ ክኒን በግድግዳ ማዶ የተኙትን ሊገድል ይችላል። ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ በጭራሽ አይግባ።

መርዝ ግድግዳ እንደማያግደው የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 በግብፅ ሁርጋዳ በሚገኝ ሆቴል ያረፉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት በአንድ ቀን ሞቱ። በዋዜማው ጎን ያለው ክፍል ለትኋን ተረጭቶ ነበር። ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው በር ዳር ዳሩ በፕላስተር ታሽጎ ነበር፤ አልበቃም። አብራቸው የነበረችው የልጅ ልጃቸው ሌሊት አሟት ወደ ወላጆቿ ክፍል በመሄዷ ተረፈች። በእንግሊዝ አገር በ2023 የተጠናቀቀው ምርመራ የመርዙ ማቅጠኛ በሰውነታቸው ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ተለውጦ እንደ ገደላቸው አረጋገጠ። በከሰል ጭስ የሚሞት ሰው የሚሞተው በዚሁ ጋዝ ነው።

ስለዚህ ማስረጨት ካስፈለገ የሚረጨውን ሰው የመድኃኒቱን ስም ይጠይቁት፤ ጠርሙሱን አውጥቶ ጽሑፉን ያሳይዎ። ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደ መሆኑንና ስንት ሰዓት ከቤት መውጣት እንደሚገባ ይንገርዎ። መልስ ከሌለው ያሰናብቱት። ከተረጨም በኋላ በርና መስኮት ተከፍቶ ሳይናፈስ ልጅ አይግባ፤ ጎረቤትም አስቀድሞ ይወቅ።

አደጋ ቢደርስስ? ልጁን ወደ ውጭ አየር ያውጡት፤ ልብሱን አውልቀው ገላውን በሳሙናና በውኃ ይጠቡት። ጣት ጉሮሮው ውስጥ አስገብተው አያስመልሱት። ወተትም አይስጡት፤ ወተት መርዝ ያረክሳል የሚባለው ልማድ ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ይጥሩ፤ አለበለዚያ በተገኘው መኪና ይሂዱ። የመድኃኒቱን ዕቃ ባዶም ቢሆን ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ሲጠይቅዎም ሰው ሰማ አልሰማ ሳይሉ ይንገሩት።

ጎረቤቴ ልጇ ከተመለሰ በኋላ በግድግዳ የሚያዋስኗትን ሁለት እናቶች ቡና ጠርታ ነገረቻቸው። እጇ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ እኔም ነበርኩ። አንደኛዋ ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «የእኔ ቤት ሁለት ዓመት ሞላው፤ ከእናንተ እየደበቅሁ ነው» አለች። ሁለተኛዋ መሣቅ ጀመረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሦስቱም ቤት አልጋዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ዋሉ፤ በሦስት ከሰል ምድጃ ውኃ ሲፈላ አረፈደ፤ ወንዶቹ ስንጥቅ ሲደፍኑ ዋሉ። በ10ኛው ቀን ደግሞ አልጋዎቹ እንደገና ወጡ።