የሙሽራ ፊት የማን ፊት ነው?

በጥር ወር በወልቂጤና በቡታጅራ ሠርግ ሲደራረብ የውበት ሳሎኖች በር ገና ሳይነጋ ይከፈታል። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ከካስክ ሥር ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ ፒያስትራው ይግላል፤ ፓውደሩ ይነሰነሳል። ረፋዱ ላይ በቬሎ ተሸፍና የምትወጣው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የእናቷን መልክ ትታ የወጣች ትመስላለች። ፊቷ ከአንገቷ፣ አንገቷም ከእጇ ተለይቶ ነጥቷል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ሳሎንን አይደለም፤ ሙሽራ ካልነጣች አላማረችም የሚለውን አስተሳሰብ ነው።

የዚህ አስተሳሰብ ጠበቆች ዋነኛ መከራከሪያቸው ካሜራ ነው። ጠይም ፊት በፎቶግራፍ አይወጣም ይላሉ። ነገሩ መነሻ አለው፤ መደምደሚያው ግን የተሳሳተ ነው። የኮዳክ ኩባንያ የቀለም ፊልም ለብዙ ዓመታት የሚመጠነው «ሸርሊ» በሚባል፣ የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር። ስለዚህ ጠይሙን ፊት ያጨለመው የፊልሙ ጉድለት እንጂ የፊቱ አልነበረም። ፊልሙ እንዲሻሻል ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱም የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ነበር። ለቸኮሌት የተሻሻለ ፊልም ለሰው ፊት ይነፈግ ማለት ነውን? የዛሬው ዲጂታል ካሜራማ በአግባቡ ብርሃን ከተሰጠው ጠይሙንም ጥቁሩንም አሳምሮ ያነሣል። እንዲያውም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የበዛበት ፓውደር የፍላሹን ብርሃን መልሶ እያንጸባረቀ ፊትን አመድ ያስመስላል። በካሜራ ስም የተነሰነሰው ፓውደር በካሜራው ይጋለጣል።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከሠርጉ ሳምንታት አስቀድሞ ፊት ላይ የሚቀባው ማንጫ ክሬም አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በማኅፀን ላለ ፅንስም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት በመዋቢያ ውስጥ እንዳይገባ ያገደውም ስለዚህ ነው። በሂና ምሽት «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚቀባውም እንዲሁ ሊመረመር ይገባል። እውነተኛ ሂና ቀይ ዳማ እንጂ ድፍን ጥቁር አይሆንም። የሚያጠቁረው ብዙ ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ሲሆን፣ ቆዳን አቃጥሎ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ታዲያ ወደ ቀድሞው እንመለስ ማለታችን ነውን? አይደለም። የቀድሞው ሁሉ ንጹሕ አልነበረም፤ ኩል እንኳ እርሳስ ያለበት አለ። ከእንሶስላው፣ ከለጋ ቅቤውና ከሹሩባው የምንማረው ሌላ ነገር ነው፤ ጊዜና ብዙ እጅ። እንሶስላ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ታስሮ ያድራል፤ ሹሩባ በዘመድ መካከል፣ በጨዋታ ይሠራል። ሙሽራዋ ለዓይን ከመቅረቧ በፊት በሚያውቋት እጆች ትዘጋጃለች። ዛሬ ይህ ሁሉ በአንድ ንጋት ተገዝቶ ያልቃል።

የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ በራሱ መዋጮ መንገድ የሠራ ሕዝብ ነው። ዛሬ አቅም ያለው ቤተሰብ በመንገዱ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ሲያስመጣ፣ የከተማው ሹሩባ ሠሪ ሙያ ግን ከቁብ አይቆጠርም። መንገዱ ሙያን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲያመላልስ አልተሠራም።

ስለዚህ ዝግጅቱ በዕቅድ ይመራ። ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው የፀጉሩና የፊቱ አሠራር ይመረጥና ይሞከር፤ ሙከራውም በቀን ብርሃንም በፍላሽም ይታይ። ማንኛውም ማቅለሚያ 48 ሰዓት አስቀድሞ በጥቂት ቆዳ ላይ ይፈተሽ። በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ክሬም አይነካ። ከሁሉ በላይ ምርጫው የሙሽራዋ ይሁን። የቃቄ ወርድወት በ19ኛው መቶ ዘመን በየጆካ ሸንጎ ፊት የሴቶችን የጋብቻ መብት ጥያቄ ባነሣችበት አገር፣ ሙሽራ በገዛ ፊቷ ላይ ድምፅ ማጣቷ አሳፋሪ ነው።

የቲያትር ከያንያን ጠይም ፊትን በመድረክ መብራት ሥር ማሳመር ያውቁበታል፤ ይህን ዕውቀት ለሳሎን ሠራተኞች ያካፍሉ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ልከው የሹሩባውን ዓይነትና ስም ያስመዝግቡ። የባህል ጽሕፈት ቤቶችም ሹሩባ ሠሪዋን ከሸማኔውና ከሸክላ ሠሪዋ እኩል ባለሙያ ብለው ይጥሯት። በሠርጓ ቀን ልጃቸውን ለማወቅ የሚቸገሩ እናትና አባት ሊኖሩ አይገባም።