«ሙሉ ወጪ ተሸፍኗል» ሲባል ማን ሸፈነው? ለምን ሸፈነው?

ሰሞኑን በገጻችን የመልእክት ሳጥን አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይመጣል። ጠያቂዎቹ የኛው የኮልፌ ቀራንዮ ልጆች ናቸው፤ ከአየር ጤና፣ ከቤተል፣ ከዓለም ባንክ፣ ከ18 ማዞሪያ። ገሚሱ በወረዳና በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ይሠራል፣ ገሚሱ በግል ድርጅት። በማኔጅመንት፣ በሕግ፣ በኢኮኖሚክስ ወይ በፖለቲካ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘዋል፤ አሁን የሕዝብ ፖሊሲ ማስተርስ መማር ይፈልጋሉ። ጥያቄው ሲጨመቅ ይሄ ነው፦ «ብሩን የሚከፍልልኝን ልያዝ ወይስ ትምህርቱ የሚሆነኝን?»

መልሳችንን ከፊት እንናገር። ሁለቱን ለያይቶ መመዘኑ ራሱ ያሳስታል። ገንዘብ የሚሰጥ አካል ሁሉ በምላሹ የሚፈልገው ነገር አለ። ያ ነገር እናንተ ልትሠሩት ካሰባችሁት ሥራ ጋር ከገጠመ ያዙት። ካልገጠመ ግን በነጻም ቢሆን ውድ ነው፤ የሚከፈለው በዕድሜ ነውና። ግማሹን ብቻ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ስሙን ስኮላርሺፕ አትበሉት፣ ዕዳ በሉት።

ይህን የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ነው ብለን ያላለፍንበት ምክንያት አለን። የፖሊሲ ተማሪ ነገ የሚጽፈው ወረቀት የሰፈሩን ውሃ፣ የከተማውን ቆሻሻ፣ የአገሩን በጀት ይነካል። ሩቅ አንሂድ፣ ቆሼ እዚሁ አጠገባችን ነው። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተከመረበት ቦታ። በ2008 ዓ.ም ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተደረገ። ቦታው ተዘጋጅቶ፣ ከፈረንሣይ የተገኘ ገንዘብም ፈስሶበት ሥራ ጀመረ። ግን የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ ሥራው በወራት ውስጥ ቆመ፣ መኪናዎቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ማታ ክምሩ ተደረመሰ። ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ፣ አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። በነሐሴ 2010 ደግሞ እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ተመረቀ።

እስኪ ይህን ታሪክ እንደ ፖሊሲ ተማሪ እዩት። ሰንዳፋ ላይ የጎደለው ገንዘብ ነበር እንዴ? ገንዘቡ ነበር። የጎደለው እዚያ የሚኖረውን ሰው አስቀድሞ ማነጋገር፣ ካሳውን በትክክል ማስላት፣ «ይህ ቢቆም ሁለተኛው አማራጫችን ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንግዲህ አንድ የፖሊሲ ትምህርት ቤት ለኮልፌ ልጅ ይሆነዋል ወይስ አይሆነውም የሚለውን የምንለካው በዚህ ነው። ወጪና ጥቅም ማነጻጸር ያስተምራል? የመንግሥት በጀት ማንበብ፣ ውል መመርመር፣ በስታቲስቲክስ መሞገት ያስችላል? ወይስ ሁለት ዓመት ሙሉ «መልካም አስተዳደር» በሚል ርዕስ ድርሰት ሲያጽፍ ከርሞ ይሸኛል? የኮርሶቹ ዝርዝር በየትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ ተለጥፎ አለ። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትመዝገቡ፣ ዝርዝሩን አንብቡ። «የሕዝብ ፖሊሲ»፣ «የሕዝብ አስተዳደር» እና «የልማት ጥናት» የተባሉት ሦስት ስሞች አንዳንድ ቦታ አንድ ዓይነት ትምህርት ይዘው ይገኛሉ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ሰማይና ምድር ናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

ሙሉ ወጪ ከሚሸፍኑት ውስጥ በኛ ልጆች ዘንድ በብዛት የሚጠራው የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ነው። ለአንድ ዓመት ማስተርስ ይከፍላል፤ ሁለት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሱ ቢያንስ ለ2 ዓመት ወደ አገራችሁ እንድትመለሱ ያስፈርማል። የአሜሪካው ፉልብራይትም ተመሳሳይ የ2 ዓመት የመመለስ ሕግ አለው። ብዙ ልጅ ይህን መስመር እንደ ወጥመድ ያየዋል። «ሁሉም ጥሩ ነበር፣ መመለሷ ባትኖር» ብሎ የጻፈልንም አለ።

እኛ ተቃራኒውን እናስባለን። የኢትዮጵያን ውሃ፣ ግብር፣ ትምህርት፣ ቆሻሻ ላጥና ብሎ ለተነሳ ሰው የመመለስ ግዴታ ምንም አያስከፍለውም። ሊያደርገው ያሰበውን ነው የሚያስፈርሙት። ገንዘቡና ዓላማው በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ለመውጣት የወሰነ ሰው ላይ አንፈርድም፤ ደመወዙንም፣ የቤት ኪራዩንም፣ ሌላውንም እናውቃለን። ግን ለመቅረት አስቦ «እመለሳለሁ» ብሎ የሚፈርም ልጅ ከኋላው ለሚመጣው የሰፈሩ ልጅ በሩን እያጠበበ ነው። መውጣት ከፈለግክ ሌላ ሙያ፣ ሌላ መንገድ አለልህ። የዚህን አገር ፖሊሲ እማራለሁ ብለህ የዚህን አገር ልጅ ዕድል አትያዝ።

ጀርመኖች በዳድ በኩል ሄልሙት ሽሚት የሚባል ለሕዝብ ፖሊሲና ለመልካም አስተዳደር ብቻ የተዘጋጀ ፕሮግራም አላቸው። እንደ ልባችሁ የትም ገብታችሁ አትማሩም፤ የተመረጡ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር አለ፣ ኤርፈርት ያለው የዊሊ ብራንት ትምህርት ቤት አንዱ ነው። ከትምህርቱ በፊት የጀርመንኛ ቋንቋ ኮርስም ይሰጣል። የመጀመሪያ ዲግሪውን ከያዘ ብዙ ዓመት ላለፈው ሰው ግን ዳድ በሩን ይዘጋል፤ ገደቡ በአብዛኛው 6 ዓመት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ሠርቼ ልይ» እያላችሁ ዓመቱን ቁጠሩት።

ኮሪያና ቻይና የሚጠሩን ደግሞ አሉ። የኮሪያው ኬዲአይ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በዋናነት ኮሪያ እንዴት እንዳደገች ነው። ቤይጂንግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የደቡብ ደቡብ ትብብርና ልማት ተቋምም የቻይናን መንገድ ያሳያል። ይህ ነውር የለውም። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም ወደ ኮሪያ ሲዘምት አገሩ በጦርነት የፈራረሰ ነበር፤ ዛሬ የነሱ ልጆች አስተማሪ፣ የኛ ልጆች ተማሪ ሆነዋል። ያን ታሪክ ከባለቤቱ አፍ መስማት ይጠቅማል። ብቻ ገንዘቡን የሰጠው አገር የራሱን ገድል እንደሚያስተምር አውቃችሁ ግቡ፤ የማይነገረውን ክፍል ደግሞ ራሳችሁ ፈልጉት።

ከፋይ ሁሉ ዓላማ አለው ስንል ክፋት አለው ማለታችን አይደለም። እኛም ከፋይ ነበርን። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ውስጥ ሲሠለጥን ተቀባይዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ አፍሪካ ነጻ እንድትወጣ፣ ማዕከሏም አዲስ አበባ እንድትሆን ትፈልግ ነበር። በዓመቱ፣ ግንቦት 1955፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚህ ተመሠረተ። ማንዴላም የመጣበትን ያውቃል። ሥልጠናው ለ6 ወር ነበር የታሰበው፤ ድርጅቱ ሲጠራው በ2 ወር ገደማ ትቶት ሄደ። የሰጪውና የተቀባዩ ፍላጎት ተገጣጥሞ ነበር፣ በቃ። (ዓለም ባንክ የምንለው ሰፈራችንስ ስሙን ከማን አገኘው? ከአበዳሪው! የሚከፍል ስሙን ትቶ ነው የሚሄደው።)

አሁን ወደሚያስፈራን ነገር እንምጣ፤ ግማሽ ስኮላርሺፕ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ የትምህርት ክፍያዎን 50 በመቶ ቅናሽ አግኝተዋል» የሚል ደብዳቤ። ቤተሰብ እልል ይላል፣ ጎረቤት ይሰማል። ከዚያ ሂሳቡ ይመጣል። እንበል የዓመቱ ክፍያ 20,000 ዩሮ ነው፤ በቅናሹ 10,000 ይቀራል። ጀርመን ከሆነ ለቪዛ በተዘጋ አካውንት ውስጥ የምታሳዩት የዓመት መተዳደሪያ አለ፤ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 11,904 ዩሮ ገብቷል። ድምሩ 21,904 ዩሮ። አንድ ዩሮ በ100 ብር ቢታሰብ እንኳ፣ ከዚያ በላይ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ከ2 ሚሊዮን 190 ሺህ ብር ያልፋል። ለአንድ ዓመት ብቻ። የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ የቋንቋ ፈተናው፣ የማመልከቻ ክፍያው አልተነካም።

ደግሞ ይህ ቁጥር አንድ ቦታ አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ወጣ። ከዚያ ቀን በፊት በብር እየቆጠበ «በመስከረም እከፍላለሁ» ያለ ሰው ቁጠባው በአንድ ወር ውስጥ ግማሽ ሆነበት። ቀሪውን ከዘመድ፣ ከእቁብ፣ ከእናት ወርቅ እሞላለሁ የምትሉ አስቡበት። እዚያ ደርሶ ሌሊት ዕቃ እያወረደ ቀን ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ፖሊሲ አይማርም። ዕዳ ያለበት ምሩቅ ደግሞ ወደ ወረዳው አይመለስም፤ የወረዳ ደመወዝ የዩሮ ዕዳ አይከፍልምና። ልብ በሉ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ እዚያ የሚያስቀረው አገር መጥላት ሳይሆን ሂሳብ ነው።

አገር ውስጥስ? አንዳንዱ ልጅ የአገር ቤቱን አማራጭ ሲጠቅስ አፍሮ ነው። ለምን? ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ነው የተቋቋመው። ከጦር ኃይሎች ባቡሩን ከያዛችሁ በስሙ የተጠራ ፌርማታ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ውስጥ የሕዝብ አስተዳደርና ፖሊሲ ያስተምራል። ደመወዛችሁ ሳይቋረጥ መማር ትችሉ ይሆናል። መሥሪያ ቤታችሁ ከላካችሁ ደግሞ ክፍያው በሱ ነው፣ በምላሹ የአገልግሎት ዘመን ያስፈርማችኋል። ከሁሉ በላይ ግን የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በገዛ ወረዳችሁ ላይ ትሠራላችሁ። መዝገቡ ያለበትን ክፍል ታውቃላችሁ፣ ቁልፉን የያዘችውንም እህት ታውቃላችሁ። ለንደን የተቀመጠ ተማሪ ያን መረጃ ለማግኘት ስድስት ወር ይጽፋል፣ መልስም ላያገኝ ይችላል።

ጉድለቱን አንደብቅም። ክፍሉ ይሞላል፣ አማካሪ ለሳምንታት የሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ የስታቲስቲክሱ ኮርስ በላይ በላዩ ሊያልፍ ይችላል። ይህን በራሳችሁ ጥረት መሙላት ይኖርባችኋል። ክፍያውም ስለሚለወጥ አምና የተማረ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ዋጋ ይዛችሁ አትቁጠሩ፤ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ። ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም አትናቁት።

ከጠያቂዎቻችን መካከል አንድ ወንድማችን የአውሮፓ ግማሽ ቅናሽና የአገር ቤት መግቢያ ሁለቱንም ይዞ «ምን ይሻለኛል?» ብሎናል። ወንድሜ፣ የአገር ቤቱን ያዝ። እየተማርክ ሙሉ ወጪ ለሚሸፍኑት በየዓመቱ አመልክት። በቅናሹ ደብዳቤ ላይ ያለው የትምህርት ቤት ስም ያምራል፣ እናውቃለን። ነገር ግን አባትህ ቤቱን አስይዞ የሚገዛልህ ስም መሆን የለበትም።

አንዲት እህታችን ደግሞ ሙሉ ወጪ አግኝታለች፤ ችግሯ ፕሮግራሙ ነው። እሷ የምትፈልገው የከተማ በጀትና ግብር ነው፣ የሰጧት ደግሞ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚበዛበት ነው። እህቴ፣ ቸኩለሽ አትልቀቂው፣ ቸኩለሽም አትፈርሚ። ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊላቸው፦ ከሌላ ትምህርት ክፍል የመንግሥት ፋይናንስና የስታቲስቲክስ ኮርስ መውሰድ ይቻላል ወይ? ስንት? የመመረቂያ ጽሑፌን በአዲስ አበባ ግብር ላይ የሚያማክር መምህር አላችሁ ወይ? ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት ተቀጠሩ? በግልጽ ከመለሱልሽ ሂጂ። ድፍን ያለ መልስ ከሰጡሽ ወይ ዝም ካሉሽ ግን ያም መልስ ነው፤ የሚቀጥለውን ዓመት ጠብቂ። በነገራችን ላይ፣ ከመፈረምሽ በፊት ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄደሽ የዚያ ዲግሪ አቻ ግምት እዚህ እንዴት እንደሚታይ ጠይቂ። ተምሮ ተመልሶ በወረቀት ጉዳይ መንከራተት ያበሽቃል።

ለማመልከቻ ድርሰት የምትዘጋጁ ልጆች አንድ ነገር እንጨምር። «ከልጅነቴ ጀምሮ አገሬን መለወጥ እመኛለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ሰልችቶታል። በእርሱ ፈንታ ሰንዳፋን ጻፉ፣ ቆሼን ጻፉ፣ በወረዳችሁ ያያችሁትን አንድ የተበላሸ አሠራር ከነምክንያቱ ጻፉ። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ አውሮፓ ተምሮ ሲመለስ የጻፈው ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ መንግሥት አሠራር ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም ታተመ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ያላነበበ የፖሊሲ አመልካች ካለ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ያንብበው።

የቼቭኒንግ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ ተከፍቶ በጥቅምት ይዘጋል። ከዚያ በፊት ተምራችሁ የተመለሳችሁ የሰፈራችን ልጆች በመልእክት ሳጥናችን ጻፉልን፤ የት ተማራችሁ፣ ማን ከፈለላችሁ፣ ምን አስፈረማችሁ፣ ከተማራችሁት ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው የቱ ነው? ስማችሁን ሳንጠቅስ እናወጣዋለን።