ጥርሷን አይተው

ማክሰኞ የእህቴን ልጅ ለክትባት ይዤ ሸዋሮቢት አንድ ጤና ተቋም ተሰልፌ ነበር። ጥቅምት በይፋት ቆላ የወባ ወር ነውና አግዳሚው ትኩሳት በያዛቸው ሕፃናት ሞልቷል። ከፊቴ የነበረችው እናት የሰባት ወር ልጇ ሌሊቱን ሲነጫነጭ እንደሚያድር ልትናገር አፏን ስትከፍት ነርሷ ጥርሷን አየች።

«ትቅሚያለሽ?»

«አዎ።»

ሰው ፊት፣ ልጅ ታቅፎ «አዎ» ማለት ቀላል አይምሰላችሁ። የተመለሰላት ግን፣ «እየቃምሽ ደግሞ ልጄ አልተኛም ትያለሽ!» የሚል ቁጣ ነው። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አያት። የልጁ ደም ለወባ ታየ፣ ነፃ ተባለ፣ ተሸኘች።

ነርሷ ልትነግራት የሚገባ ነገር እኮ ነበር። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን ወደ ጡት ወተት እንደሚያልፍ፣ በሚጠባ ሕፃን ሽንት ውስጥም እንደተገኘ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። መቼ ትቅሚያለሽ? ስንት ሰዓት ታጠቢዋለሽ? ሁለት ጥያቄ ይበቃ ነበር።

ከጫት የከበደውን እንይ። ከሄሮይን ሱስ ለመውጣት ሜታዶን የሚወስዱ እናቶች አሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለሚያጠቡት ያስቀመጠውን የመጠን ገደብ በ2001 እ.ኤ.አ. አንሥቷል፤ ሕክምናዋን በአግባቡ የምትከታተል እናት እንድታጠባም ትበረታታለች። እዚያም ቢሆን ብዙዎቹ ልጃቸውን ይዘው ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ይሸማቀቃሉ፤ ልጄን ይነጥቁኛል ብላ እውነቱን የምትደብቅም አለች። ጫት የዚያ ዘር አይደለም፤ እንደ ሜታዶን ያለ ምትክም የለውም። የእናቲቱ ፍርሃት ግን አንድ ነው።

«ካልተቆጣናቸው አይተዉም» የሚሉኝ አሉ። የተሰደበች እናት ጫቱን ሳይሆን ጤና ጣቢያውን ነው የምትተወው።

አባትየው ልጁን ይዞ ቢመጣ ኖሮስ? ጥርሱን ማን ያይ ነበር? እሱ ከምሳ በኋላ ከወዳጆቹ ጋር ይቀመጣል፤ ቡና ይፈላለታል፣ ዱኣ ይደረጋል፣ አባትነቱን የሚጠይቀው የለም። ቅጠሉ አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ ልጁም የሁለቱ ነው። ነውሩ ለምን የእሷ ብቻ ይሆናል? ከሰልፉ የወጣሁት ይህን እያሰብኩ፣ ተናድጄ ነው።

በሩ ላይ ባጃጅ ስትጠብቅ ደረስኩባት። «ሌሊት ለነጋዴ ጫት ሳስር ነው የለመድኩት፣ እትዬ» አለችኝ። «እንቅልፍ ሲጥለኝ ገረባውን አኝካለሁ። ልተወው ብል ደግሞ ዱካኩ አያስተኛኝም።» ልጁ ነጠላዋን እየጎተተ ጡቷን ይፈልጋል።

ካቲን ስለሚባለው ነገር የማውቀውን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ቀስ ብላም ጠየቀችኝ።

«ወተቴ ውስጥ ይገባል እንዴ?»

«ይገባል።»

«ይህን ማንም አልነገረኝም» አለች። የልጁን ካርድ አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና፣ ነርሷ የነበረችበትን መስኮት ለአፍታ አየችው። ከዚያ ባጃጁ መጣ።