ደሙን እንጂ ዘሩን አትጠይቁ



በቅርቡ አንድ ተማሪዬ «ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መለኪያ ከተሠራበት አድልዎ ከወዴት ይመጣል?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ከደም ልገሳ ታሪክ ብጀምረው መረጥሁ።

እንደሚታወቀው ጉበት ሲጎዳ ኤ.ኤል.ቲ. የተባለው ኢንዛይም በደም ውስጥ ይበዛል። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ገና ተለይቶ ባልታወቀበት ዘመን፣ የአሜሪካ ደም ባንኮች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ገደማ ይህንኑ ኢንዛይም እንደ ጥቆማ ይዘው ለጋሾችን መለየት ጀመሩ። መጠኑ ከተወሰነው ቁጥር ያለፈ ደም ለበሽተኛ አይሰጥም ነበር። ነገር ግን ውፍረትና የአልኮል መጠጥም ኢንዛይሙን ከፍ ያደርጉታል። በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ ጉበት ላይ ስብ እንዲከማች የሚያደርግ የዘረመል ልዩነት በአሜሪካ በላቲን አሜሪካ ተወላጆች ዘንድ በብዛት፣ በጥቁሮች ዘንድ ግን በአነስተኛ መጠን እንደሚገኝ አሳይቷል። ስለዚህ አንዱ ቁጥር ቫይረስ የሌለባቸውን ሰዎች ሁሉ እኩል አልዳኘም።

መፍትሔው ለየዘሩ የተለየ ቁጥር ማውጣት አልነበረም። ቫይረሱ በ1989 ከታወቀ በኋላ በ1990 ቀጥተኛው ምርመራ ተጀመረ፤ በ1995 የተሰበሰበ የባለሙያዎች ጉባኤም የኢንዛይሙ ምርመራ እንዲቀር መከረ። ጥላው ተትቶ አካሉ ተመረመረ ማለት ነው።

በ1996 በእስራኤል የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቤተ እስራኤላውያን በቅን ልቡና የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል መኖሩን በጥር ወር ጋዜጣ አጋለጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ፤ ፖሊስም በአስለቃሽ ጋዝ ተቀበላቸው። ባለሥልጣናቱ በማኅበረሰቡ ውስጥ ኤች.አይ.ቪ. በብዛት መገኘቱን በምክንያትነት አቀረቡ። ስጋቱ መሠረት አልነበረውም አልልም፤ አዲስ የተያዘን ሰው ምርመራው ሊስተው ይችል ነበርና። ይሁን እንጂ ስጋትን ለለጋሹ በግልጽ ነግሮ ስለ ራሱ ሕይወት መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ እጁን ዘርግቶ የሰጠውን እያመሰገኑ ተቀብሎ ከጀርባው መድፋት ሌላ ነው።

ለተማሪዬ የምመልሰው ይህንን ነው፦ አድልዎ ዘርን በመጥራት ብቻ አይመጣም፤ ከማን ተለክቶ እንደወጣ ባልተጠየቀ ቁጥርም ይመጣል። የሚሻለው ደሙን በቀጥታ መመርመር፣ ለሰውየውም እውነቱን መንገር ነው።